የተጨሰው ዘጠኝ መቶ ዓመት

ስሜ ኒማኒ ነው፤ በእኛ በሲንዶች ቋንቋ ትሑት ማለት ነው። ስሙን ያወጣችልኝ አያቴ በተወለድኩ በስድስተኛው ቀን ስላወጣችው አልፈርድባትም። ጥርስ እስካበቅል ብትጠብቅ ኖሮ ሌላ ስም ትፈልግልኝ ነበር።

አባቴ ኻሚሶ በላልዋሮ ጉብታ ላይ የቆፋሪዎች አለቃ ነበር። ጉብታው ከመንደራችን ጀርባ፣ ወንዙ ድሮ ይሄድበት ከነበረው ደረቅ ቦይ አጠገብ ተጋድሟል፤ ሆዱ ውስጥ ከተማ አለ። ከተማዋ መቼ እንደሞተች ሁሉም ይስማማል፤ ወንዙ ጥሏት ሲሄድ ነው፣ የዛሬ ሦስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ዓመት ገደማ። ሰውን የሚያጣላው መቼ ተወለደች፣ ስንት ዘመንስ ኖረች የሚለው ነው። ለሌላው ይህ የመጽሐፍ ወሬ ነው። ለእኔ የአባቴ ስም ነው።

አሥራ አንድ ዓመቴ ሳለ ዶክተር ታጃሙል የሚባል የቅርስ መሥሪያ ቤት ሰው ጉብታው ላይ ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፈረ። በፊቱ «አንቱ» እና «ሳይን» ስለው ነው ዕድሜዬ ያለቀው፤ ሳይን ማለት ጌታዬ እንደማለት ነው። በዚህ ወረቀት ላይ ግን «እሱ» ይበቃዋል።

ሰባት ሜትር ሲወርዱ ውሃ መጣና ቆሙ። በመጨረሻው ወለል ላይ ምድጃ ተገኝቷል። አባቴ በገዛ እጁ ከምድጃው ከሰል ለቀመ፤ ከሰሉም ዕድሜው እንዲለካ ባሕር ማዶ ተላከ። ከዚያ አባቴ የእኛ ቆፋሪዎች ጉድጓድ ሲደፍኑ ሁልጊዜ የሚያደርጉትን አደረገ። ነገ የሚቆፍር ሰው «እስከዚህ ተነክቷል፣ ከዚህ በታች አልተነካም» ብሎ እንዲያውቅ ወለሉ ላይ የዘመኑ ዕቃ ይቀመጣል። አንዱ የጠርሙስ ክዳን ያስቀምጣል፣ ሌላው ጥርሱ የረገፈ ማበጠሪያ። አባቴ ግን ከእናቴ የሠርግ ደርዘን አንዷን አረንጓዴ የብርጭቆ አምባር አስቀመጠ፤ ትንሽ የሸክላ ኩባያ ደፋባት፣ አፈሩም ተመለሰ። ቆፋሪዎቹ ሁሉ አይተዋል። እናቴ አሥራ አንድ አምባር ይዛ በመቅረቷ ሁለት ቀን አኮረፈችው።

አባቴ ሁለት ደንብ ነበረው። ከጉድጓድ የሚወጣ ሰው መሰላሉን ወጥቶ እንደጨረሰ ሁለት እጁን ዘርግቶ መዳፉን ለሁሉም ያሳያል፤ ዶቃ እንዳይሰረቅ ነው። አባቴ ራሱ ያሳይ ነበር። ዶክተሩ ብቻ አያሳይም፣ ዶክተር ነዋ። ሁለተኛው ደንብ፣ ጉድጓድ ውስጥ እሳት የለም፣ ትንባሆ የለም። ከሰሉ ላይ የዛሬ ዘመን አመድ ቅንጣት ታህል ከወደቀ ዕድሜው ይዛባል። ይህን ሲናገር እሱም አጫሽ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ በቅጠል የተጠቀለለውን ቢዲ ሦስት ቀለበት በተቀረጸባት የነሐስ መምጠጫ እየሰካ ነበር የሚስበው። ያን ሰሞን መምጠጫዋ ጠፋችበትና ቤቱን ሙሉ አብሬው በረበርኩ፣ ከአልጋው ሥር ገብቼ ጭምር። ኋላ «ገበያ ላይ ጥያት ይሆናል፣ ተይው» አለኝ።

የከሰሉ ዕድሜ ተለክቶ መጣ፤ አራት ሺህ ሰባት መቶ ዓመት። ዶክተሩ ግን የላልዋሮ ዕድሜ አምስት ሺህ ስድስት መቶ ነው፣ ከተማዋ አሥራ ሰባት መቶ ዓመት ሙሉ ኖራለች እያለ አስቀድሞ ጽፎ፣ ተናግሮ፣ ተጨብጭቦለት ነበር። ዘጠኝ መቶ ዓመት ጎደለበት። የጎደለ ነገር ደግሞ ሌባ ይፈለግለታል።

ቆፋሪዎቹን ዛፉ ሥር ሰበሰበና ከሰሉ የተበላሸው ኻሚሶ ጉድጓድ ውስጥ ሲያጨስ ነው አለ። እኔ ለአባቴ የምሳ ዳቦና እርጎ ይዤ ከኋላ ቆሜያለሁ። ዶክተሩ ለመሐላ ቅዱሱን መጽሐፍ፣ ቁርኣኑን፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ አስመጥቶ ነበር።

«አላጨስኩም ብለህ ይኸን ንካ» አለው። «ከነካህ፣ አምስት ሺህ ስድስት መቶ ያልኩበትን ወረቀቴን እዚሁ እቀደዋለሁ።»

አባቴ መጽሐፉን አየ፣ እኔን አየኝ። «ለአመድ ብዬ መጽሐፍ አልነካም፣ ሳይን» አለ።

በእኛ አገር መጽሐፍ አልነካም ያለ ሰው ተፈርዶበታል፤ ሌላ ዳኛ አያስፈልገውም። ለእኔ ግን ያ ኩራት ነበር። እንዲህ ያለ አባት ስላለኝ ደረቴ ተነፋ፤ ዶክተሩን ደግሞ ያን ቀን ጠላሁት፣ እስከ ዛሬም አልበረደልኝም።

አባቴ ተባረረ። መንደሩ ስም አወጣለት፤ «ዘጠኝ መቶ ያጨሰው»። ሻይ ቤት ሲገባ አንዱ ተነስቶ «ቦታ ልቀቁለት፣ የከተማ ዕድሜ ስቦ ሳንባው ደክሟል» ይላል፣ ሌላው ደግሞ ክብሪት ያቀብለዋል። ትምህርት ቤት ልጆች ስሜን ትተው «ጭስ» ይሉኝ ነበር። ሁለቱን ነክሻቸዋለሁ።

በሚቀጥለው ዓመት መንደሩ በሙሉ ለስንዴ አጨዳ ወንዙን ተሻግሮ አንድ ወር ቆየ። ስንመለስ ዶክተሩ ጋዜጣ ላይ ነበር። መንደሩ በሌለበት ከሩቅ ባመጣኋቸው ሠራተኞች ያንኑ ጉድጓድ ከፍቼ፣ ከኻሚሶ ወለል ሦስት ሜትር አልፌ ወርጄ፣ ከታች ያገኘሁት ከሰል ተለክቶ አምስት ሺህ ስድስት መቶ ሆነ አለ። መጽሐፍ አሳተመ፣ የመሥሪያ ቤቱ የበላይ ሆነ። አባቴ ጉድጓዱ አፍ ላይ የበቀለው ቁጥቋጦ ስንሄድም ስንመለስም ያው መሆኑን አይቶ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሲጠይቁት የሚመልሰው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «አምባሯ ከቦታዋ አልተነሳችም» ይላል። ማን ይስማው፤ ሰባት ሜትር አፈር ለአንድ አምባር ብሎ የሚያስቆፍር ማን አለ።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ሞተ። በሞተ ቀን እናቴ እንደ ወጉ አምባሮቿን እጇ ላይ ሰበረች፣ አሥራ አንዱን። አሥራ ሁለተኛዋ ጉድጓድ ውስጥ ናት። «ግማሽ ባልቴት ነኝ» ትል ነበር፤ ስትቀልድ ይሁን ስታለቅስ ለይቼ አላውቅም።

እኔ ተማርኩ። ጉብታ ቆፋሪ ለመሆን ተማርኩ፣ ሌላ ምንም አልፈለግኩም። ስመረቅ የሥራ ደብዳቤዬን የፈረመው ራሱ ታጃሙል ነው፤ የኻሚሶ ልጅ መሆኔን እያወቀ። ሰዎች ልቡ ራርቶ ነው አሉ። ይራራ። እኔ አሥራ አራት ዓመት ሻዩን ሁለት ማንኪያ ስኳር እያደረግኩ ሰጠሁት፣ ፋይሉን ተሸከምኩለት፣ ጡረታ ሲወጣ አበባ አንገቱ ላይ አጠለቅኩለት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እኔ ደግሞ እንዳልረሳ በየሳምንቱ ጉብታው ላይ እየወጣሁ የዚያን ጉድጓድ አፍ በእግሬ እለካ ነበር።

ያለፈው ዓመት ቀኔ መጣ። የጉብታው ሙዚየም ኃላፊ ሆኜ ነበር፤ መሥሪያ ቤቱም ግቢው ውስጥ ጥቁር ድንጋይ ሊያቆም ወሰነ። ድንጋዩ ላይ የታጃሙል ስም፣ የላልዋሮ የልደት ዘመንና የኖረችበት ዓመት ይቀረጻል። ስሙ አስቀድሞ ተቀረጸ። ቁጥሩ ሊቀረጽ ሲል ስብሰባው ላይ እጄን አወጣሁ። ድንጋይ አይታረምም፣ ዛሬ የስንዴ ቅንጣት የምታህል ከሰል ትበቃለች፣ ከዚያው ከዶክተራችን ጉድጓድ አንድ ናሙና ወስደን ብናረጋግጥ ለእሳቸውም ክብር ነው አልኩ። አዲሱ አለቃ ወደደው። ሁሉም ወደደው፣ ከአንድ ሰው በቀር።

ዶክተሩ ኮሪደር ላይ ጠብቆ ያዘኝ። ዘንግ ይዞ መሄድ ጀምሮ ነበር።

«ኒማኒ ልጄ፣ ያን ጉድጓድ ተይው። አጠገቡ ቆፍሪ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል።»

«ዘንዶውንማ እርስዎ ድሮ አውጥተውታል ሳይን» አልኩት። «እኛ ባዶውን ጉድጓድ ነው የምናየው።»

ሊከለክል አልቻለም። መጽሐፍ አልነካም ያለ ሰው ከተፈረደበት፣ ጉድጓዴ አይከፈት ያለ ሰውስ? ይኸን እሱም ያውቃል፤ ዛፉ ሥር ያስተማረን ራሱ ነው። ያን ሌሊት እንቅልፌ ጣፋጭ ነበር።

በየካቲት ጀመርን። የቆፋሪዎች አለቃዬ ጁሞ ነው፤ አባቴ አምባሯን ሲያስቀምጥ በወጣትነቱ መብራት የያዘለት፣ ኋላ ደግሞ ሻይ ቤት ውስጥ አብሮ የሳቀ። ይኸን አንድም ቀን አላነሳሁበትም፤ በየቀኑ ግን ከሁሉ ቀድሞ እንዲወርድ አደርገው ነበር። በአሥራ ስምንተኛው ቀን ስድስት ሜትር ተኩል ደረስን። ውሃውን ፓምፕ ይስበዋል። ሥራ አስቆምኩና ለሁሉም ጥሪ ላክሁ፤ ለመሥሪያ ቤቱ፣ ለጋዜጠኞች፣ ለመንደሩ ሽማግሌዎች፣ ለእናቴ። ለእሱ መኪና ላክሁለት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ጉድጓዱ ዙሪያ መቆሚያ አልነበረም። ዶክተሩን የክብር ወንበር ላይ አስቀምጠው አጅረክ አለበሱት፤ ቀይና ጥቁር ጥለት የታተመበት የክብር ልብሳችን ነው። ካዙላና ብሩሽ ይዤ መሰላሉን ወረድኩ። ከመውረዴ በፊት ሁሉም ይሰማ ዘንድ ጮክ ብዬ ጠየቅኩት።

«ሳይን፣ በመጽሐፍዎ እንደጻፉት ከዚህ ወለል ሦስት ሜትር አልፈው ወርደዋል። እንግዲህ አባቴ እዚህ ያስቀመጣት ነገር አትኖርም ማለት ነው፣ አይደል?»

ዶክተሩ ዘንጉን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ።

ኩባያዋን ለማግኘት ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም። የተመለሰው አፈር ላላ ያለ ነው፣ ከሥሩ ያለው ደግሞ ጥብቅ፤ ኩባያዋ ሁለቱ በሚገናኙበት ላይ ተደፍታ ተቀምጣለች። ፎቶ አነሳሁ፣ ለካሁ። ከዚያ ገለጥኳት። አምባሯ ሙሉ ናት፤ እናቴ ትናንት ከእጇ ያወለቀቻት ነበር የምትመስለው። ሥሯ ያለው ወለል የካዙላ ጭረት እንኳ የለበትም። ከወለሉም በታች ዳር ላይ ፈተሽኩ፤ አንድ ክንድ ወርዶ ወንዙ የተኛበት ንጹሕ ደለል ይጀምራል፣ ሰው ያልኖረበት። ሦስት ሜትር የሚባል ነገር የለም፣ ኖሮም አያውቅም። ሠላሳ ሦስት ዓመት የጠበቅኩት ቁራጭ ብርጭቆ እጄ ላይ ነው። አሁን እሰብርሃለሁ አልኩ በሆዴ፤ በአምባር እሰብርሃለሁ።

የቀረኝ ከምድጃው ከሰል መውሰድ ብቻ ነበር። አምባሯን ጉልበቴ ላይ አድርጌ የምድጃውን ዳር በካዙላው ጫፍ ጫር ሳደርግ ብረት ቅጭል አለ። በዚህ ወለል ላይ እንዲህ ያለ ድምፅ የሚሰጥ ነገር መኖር የለበትም። በጣቴ አወጣሁት። የነሐስ መምጠጫ ናት፣ ሦስት ቀለበት የተቀረጸባት። አፏ ውስጥ ጠቁሮ የደረቀ ነገር ተጣብቋል። የወጣችው አባቴ ከሰል ከለቀመበት የምድጃው ጎድጓዳ ነው፣ ከጣቱ ዳና አጠገብ።

ከአልጋ ሥር ገብቼ የፈለግኳት መምጠጫ ናት።

ያኔ የአባቴ ቃል አንድ በአንድ መጣብኝ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት «አምባሯ ከቦታዋ አልተነሳችም» ይላል እንጂ «አላጨስኩም» ሲል አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም። ለአመድ ብዬ መጽሐፍ አልነካም። ኩራት አልነበረም። በውሸት እንዳይምል ፈርቶ ነው። ተናደድኩበት፤ ሙት ላይ እንደዚያ መናደድ ይቻላል ብዬ አላስብም ነበር። አንዲት ቢዲ! መሰላሉን ወጥተህ ብታጨሳት ምን ነበረበት?

ከላይ ጁሞ «አገኘሽ ወይ፣ አዲ?» ብሎ ተጣራ። እህቴ ማለቱ ነው። ቀና ስል አንድ ዙር ሙሉ ጭንቅላት ወደ ታች ያየኛል። ጀርባዬ ግን ከልሎኝ ነበር፤ በእጄ ያለውን ማንም አላየም። ስወጣ ደግሞ መዳፌን እዘረጋለሁ። ደንቡን የማያውቅ እዚያ አልነበረም፤ የአባቴ ደንብ ነው፣ የኻሚሶ ልጅ መዳፏን ሳትዘረጋ ብትወጣ ይኸው ራሱ ወሬ ይሆናል። ኪስ የለኝም። መልሼ ብቀብራት ነገ ምድጃውን የሚያጸዳ ሰው ያገኛታል፤ ፓምፑ ውሃውን እየሳበ ነው።

መምጠጫዋን አፌ ውስጥ ከተትኳት።

ከሰሉን ከምድጃው መሃል፣ ካልተነካው በኩል ወስጄ አሸግኩ፣ በቅርጫት ላክሁት። መሰላሉን ወጣሁ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሜ ሁለት እጄን ዘረጋሁ። ቀኝ መዳፌ ላይ አረንጓዴ አምባር፣ ግራው ባዶ። ነሐሱ ምላሴ ላይ ጨው ጨው ይላል።

ጁሞ ጮኸ። ሽማግሌዎቹ ተንጫጩ። ጋዜጠኛዋ «አንድ ነገር በይ እንጂ» ትለኛለች፣ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ፤ ሁሉም እንባ አንቆኝ መሰለው። ጁሞ በእኔ ፈንታ ተናገረ፤ አምባሯ ስትቀመጥ መብራቱን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ይኸ ወለል ከዚያ ወዲህ አልተነካም፣ ይኸ ሰው ሦስት ሜትር ሙሉ ዋሽቶናል አለ። እሱም ስለ ራሱ ሳቅ ያለቅስ ነበር። አንድ ሰው ከዶክተሩ ትከሻ ላይ አጅረኩን ገፈፈ። ዶክተሩ ግን አምባሯን አልነበረም የሚያየው። የተዘጋውን አፌን ነበር የሚያየው።

ደስ አለኝ። አልዋሽም፤ አፌ ውስጥ ያለው እንዳለ ሆኖ ደስ አለኝ። መኪናው መልሶ እንዳይወስደው ሾፌሩን አስቀድሜ አሰናብቼው ነበር፤ በዘንጉ እየተደገፈ በአቧራው መንገድ ሲሄድ ከጉብታው ላይ ሆኜ እስኪሰወር ድረስ አየሁት።

ከዚያ በኋላ ሁሉም እንዳሰብኩት ሆነ፣ ከዚያም በላይ። ጋዜጦቹ ሳምንት ሙሉ ጻፉበት። መጽሐፉ ከትምህርት ቤቶች ተሰበሰበ። ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ያለው ስሙ በመዶሻ ተፋቀ፤ መዶሻውን ማንም አልነጠቀኝም። የሻይ ቤቱ ሰዎች በአባቴ መቃብር ላይ አዲስ ጨርቅ አልብሰው ይቅርታ ጠየቁ። እናቴ አምባሯን ተቀብላ አገላብጣ አየቻትና በመቃብሩ ድንጋይ ላይ መትታ ሰበረቻት።

«በቃ፣ አሁን ሞተ» አለች፣ ሻሿን አስተካክላ ወደ ቤቷ ሄደች። ለእሷ በቃ።

በሰባተኛው ሳምንት የከሰሉ ውጤት መጣ፣ በእኔ ስም፣ ለእኔ ብቻ። አምስት ሺህ ስድስት መቶ ሃያ ዓመት። ታጃሙል ከፈለሰፈው ቁጥር በሃያ ዓመት ብቻ ይለያል። ያው ወለል፣ ያው ምድጃ። የአባቴ ከሰል ዘጠኝ መቶ ዓመት የጎደለው ስለተበላሸ ነው፣ የተበላሸውም በምን እንደሆነ መሳቢያዬ ውስጥ በክብሪት ቀፎ ተቀምጧል። ወረቀቱን ሦስቴ አነበብኩት። ከዚያ በክብሪቱ ቀፎ ላይ አደረግኩና መሳቢያውን ቆለፍኩ።

በማግስቱ ዶክተሩ መጣ። በአውቶቡስ ነው የመጣው፣ ጫማው አቧራ ለብሷል። ተቀመጥ አላልኩትም፤ ራሱ ተቀመጠ።

«ልከራከር አልመጣሁም» አለ። «ሦስቱን ሜትር ዋሽቻለሁ። ከሰሉን ከኮረብታዎቹ ሥር ካለ ሌላ ጉብታ ነው ያመጣሁት። ሸክላው ከላልዋሮ የታችኛው ሸክላ ጋር አንድ ነበር፣ ዕድሜውም አንድ እንደሚሆን አውቃለሁ። ጉድጓዱን እንደገና ክፈት የሚለኝ ግን አልነበረም።»

«አባቴንስ?» አልኩት።

«አባትሽን ከላይ ሆኜ አይቼዋለሁ። ጭሱን ነው ያየሁት። በሰው ፊት መጽሐፍ ማምጣቴ ክፋት ነበር፣ በሱ አላህ ይጠይቀኛል። ያየሁትን ግን አይቻለሁ።» አፌን እንደገና ተመለከተና ዓይኑን ሰበረ። «አፍሽ ውስጥ ምን እንደነበር አልጠይቅሽም። ቁጥሩ መጣ?»

«ገና ነው።»

«ሰባት ሳምንት ሆነው እኮ።»

«ወረፋ አለ።»

«ልጄ፣ ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። ሐኪሙ ቀን ቆርጦልኛል። ለማንም አልናገርም፣ የምናገረውን የሚያምነኝም የለም። አምስት ሺህ ስድስት መቶ ነው? እሱን ብቻ ንገሪኝ።»

ዕድሜውን ሙሉ መዳፉን ለማንም ያላሳየ ሰው ተነሳ፣ ዘንጉን ወንበሩ ላይ አስደገፈና ሁለት እጁን ዘረጋልኝ፣ መዳፉን ወደ ላይ፣ ልክ እንደ አባቴ ቆፋሪዎች። ያለ ምርኩዝ መቆም አይችልምና ብዙ አልቆየም፤ እኔ ግን እስኪያወርዳቸው ጠበቅኩት። የእኔ እጆች ጠረጴዛው ሥር፣ የመሳቢያው ቁልፍ ላይ ነበሩ።

«ሲመጣ እንነግርዎታለን፣ ሳይን» አልኩት።

በሃያ ስድስተኛው ቀን ሞተ። ትክክል እንደነበረ ሳያውቅ ሞተ። ለቅሶው ላይ አልሄድኩም፤ ቤቴ ውስጥ ሩዝና ዓሣ ሠርቼ ጥግብ ብዬ በላሁ።

እሱ ከተቀበረ በኋላ ቁጥሩን አወጣለሁ ብዬ ነበር። ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው። ቁጥሩን ሳወጣ የአባቴ ከሰል ለምን ዘጠኝ መቶ ጎደለው ብለው ይጠይቁኛል፤ ጁሞ ሳይቀር ይጠይቀኛል። መሥሪያ ቤቱን ናሙናው ተበላሽቷል ብዬ አሳምኛለሁ። ጥቁሩ ድንጋይ ስሙ ተፍቆ፣ ቁጥሩ ሳይቀረጽ ግቢው ውስጥ ቆሟል። በየሳምንቱ የትምህርት ቤት ልጆች ይመጣሉ፣ ድንጋዩን በእጃቸው እየዳበሱ ከተማችን መቼ ተወለደች፣ ስንት ዓመት ኖረች ይሉኛል። አይታወቅም እላቸዋለሁ። ይጽፉታል፤ «አይታወቅም» ብለው ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ።

አባቴን ከከተማዋ ዕድሜ ዘጠኝ መቶ ዓመት አጨሰ ብለው አሾፉበት። እኔ አሥራ ሰባት መቶውንም ጨርሼ አጭሼዋለሁ፤ ጭሱን ያየብኝ ሰው ግን የለም።